ከእታለም እርከን ስር የነበረው ግንድ

ኢድሪስ ሰቆጣ ገበያ አጠገብ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ልቡ ግን ድንጋይ ላይ ነው። እሁድ ሲሆን ሱቁን ለሚስቱ ለዓሚኔ ትቶ፣ የባዮሎጂ መምህር ከሆነው ጓደኛው ከትእዛዙ ጋር በየሸለቆው ይዞራል። ስለ ድንጋይ ትምህርት ቤት የተማሩት ነገር የለም፤ ከስልክ ያነበቡትን ይዘው እየተከራከሩ ነው የሚለዩት።

አምና ክረምቱ እንደወጣ እዚያው ዋግ ቆላ ውስጥ ወዳለው ዝቋላ ወረዱ። አንድ የማሽላ ማሳ ስር፣ ጎርፍ በቦረቦረው ቦይ ውስጥ፣ ግማሹ ከአፈር የወጣ ትልቅ ግንድ ተጋድሟል። ከሩቅ ሲያዩት ጎርፍ ያመጣው እንጨት መስሏቸው ነበር። ትእዛዙ በጠጠር መታ መታ ሲያደርገው እንደ ድንጋይ ጮኸ።

ኢድሪስ ከኪሱ ሚስማር አውጥቶ ጫረው። ሚስማሩ ግራጫ መስመር ጥሎ አለፈ እንጂ ድንጋዩን አልቧጨረውም። ሎሚ ጨመቁበት፤ አልፈላም።

«የኖራ ድንጋይ አይደለም ማለት ነው» አለ ትእዛዙ። የተሰበረው ጫፍ ላይ ከኮዳው ውሃ ሲያፈስበት ቀለበት በቀለበት የሆነ ክብ ወጣ። «እየው! ይሄ ዛፍ ነበር።»

«ላቫም ሲቀዘቅዝ መስመር ይሠራል እኮ» አለ ኢድሪስ።

«ቅርፊትስ ይሠራል?»

ሲከራከሩ የማሳው ባለቤት እታለም መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከጥቂት ፍየሎች ጋር የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው።

«ባሌ እርከኑን የሠራው እሱ ላይ አስደግፎ ነው» አሉ ግንዱን እያሳዩ። «ጎርፉን የሚመልስልኝ እሱ ነው። ለሰው አታውሩብኝ፣ ልጆቼ። ሰው ከበዛ ማሳዬ ይረገጣል።»

«አናወራም፣ እማ» አለ ኢድሪስ። ቀድሞ ቃል የገባው እሱ ነው።

ግን ሰቆጣ ከተመለሰ በኋላ ነገሩ እረፍት ነሳው። ትእዛዙ እርግጠኛ ነው፤ እሱ ግን የሚያውቅ ሰው እንዲነግረው ፈለገ። ያነሳቸውን ፎቶዎች ድንጋይ ወዳዶች በሚሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈ። «የት ነው የተገኘው?» ብለው ሲጠይቁት ወረዳውንም ጎጡንም ጻፈ።

በማግስቱ አንድ ጂኦሎጂስት መለሰለት። «ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት ነው። እንጨቱ ሲበሰብስ ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ቦታውን ይዟል። እንዳትነኩት፤ መጥቼ ላየው እፈልጋለሁ።»

ኢድሪስ ደስታው አላስቀምጠው አለና ስልኩን ይዞ ትእዛዙ ቤት ሄደ። ትእዛዙ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ቦታውንም ጽፈሃል?»

«ጠየቁኝ። ካልጻፍኩማ እንዴት ይለዩታል?»

«ፎቶው ይበቃ ነበር እኮ።»

ከጂኦሎጂስቱ መልስ ስር ሌላ ሰው «ሲሊካ ካለ የከበረው ድንጋይ ኦፓል አይጠፋም» ብሎ ጽፎ ነበር። ኢድሪስ የለጠፈውን ሁሉ አጠፋ፤ የተጻፈውን ግን ብዙ ሰው አይቶታል።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ጎረምሳ ሱቁ መጥቶ ትልቅ መዶሻ ጠየቀ።

«ለምን ፈለግከው?»

«ዝቋላ ዛፍ የመሰለ ድንጋይ አለ አሉ። ውስጡ ኦፓል ነው።»

«የለውም! ያገኘሁት እኔ ነኝ። ምንም የለውም።»

ጎረምሳው ሳቀ። «ለብቻህ ልትበላው ነዋ» አለና መዶሻውን ከጎረቤት ሱቅ ገዝቶ ሄደ።

ኢድሪስና ትእዛዙ ሌሊት ተነስተው ቢገሰግሱም በጊዜ አልደረሱም። ግንዱ ተፈልጦ፣ ፍላጩ ቦዩን ሞልቶታል። ኦፓል ያጣው ሰው ጥሎት ሄዷል። እርከኑ ከስሩ ተምሶ ተንዷል፤ ማሽላውም ተረግጧል። እታለም ጎንበስ ብለው ድንጋይ ይለቅማሉ።

«እማ፣ ይሄ በእኔ…» ብሎ ጀመረ ኢድሪስ።

«አውቃለሁ። ኢድሪስ የሚባል ነው የነገረን ሲሉ ሰምቻለሁ።» ቀና ሳይሉ ሌላ ድንጋይ አነሱ። «አንተ የላክሃቸው መስሎኝ ዝም አልኳቸው።»

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። እጅጌውን ሰብስቦ መሥራት ጀመረ። ሁለቱ ጓደኛሞች እሁድ እሁድ እየወረዱ እርከኑን ገነቡ፤ ግን እንደ እታለም ባል አላጸኑትም። በተከታዩ ሐምሌ ጎርፉ ጥሶት የማሳውን የታችኛውን ክፍል ጠርጎ ወሰደው።

ጂኦሎጂስቱ የመጣው ከክረምቱ በኋላ ነው። የተረፈውን ፍላጭ አንድ ላይ ሊገጣጥም ሞከረ፤ አልገጠመለትም።

«ምን ዓይነት ዛፍ ነበር?» አለው ኢድሪስ።

«ሙሉውን ባገኘው ኖሮ፣ ሥሩን አይቼ እዚሁ መብቀል አለመብቀሉን እንኳ መለየት እችል ነበር። አሁን ከዚህ ምንም ማለት አልችልም።» ከዚያ ወደ እታለም ዞረ። «እናቴ፣ እዚህ አካባቢ ሌላ እንዲህ ያለ ግንድ አይተው ያውቃሉ?»

እታለም መልስ ከመስጠታቸው በፊት ኢድሪስን ትኩር ብለው አዩት።

«አላየሁም» አሉ።

ፍየሎቻቸውን በአገሬው ቋንቋ በኽምጣኛ እየጠሩ ወደ ላይኛው ሸለቆ ሄዱ። ጂኦሎጂስቱ ቦርሳውን ዘጋ። ኢድሪስ አላመናቸውም፤ ተከትሎ ለመጠየቅ ግን አፍ አልነበረውም።