የኩሽናዋ ምሰሶ

ሁለት የመሬት መንቀጥቀጥ ኢንሹራንስ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ሙዘየን አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን ታነሣለች። ርካሹ ሽፋኑ ለግድግዳና ለጣሪያ ብቻ ነው። ውዱ የቤት ዕቃውንም፣ ቤቱ እስኪጠገን የሚከራዩትን ቤት ኪራይም ይሸፍናል፤ በየዓመቱ የሚከፈለው አረቦኑ ግን ጡረታዋን ይቦጭቀዋል። አንታኪያ ላይ መሬት ተንቀጥቅጦ እህቷን ነቢሄን ከቀበረች ወዲህ፣ እዚህ ኢስታንቡል ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር የበሩን መቃን ትይዛለች። ርካሹን ፈርማ እፎይ ማለት አልሆነላትም።

ለኢንሹራንስ ወኪሉ ለቱሩል ደወለችለት።

«ውዱን ልውሰድ መሰለኝ፣ ልጄ።»

«ጎበዝ፣ እትዬ ሙዘየን! ብቻ ይሄኛው ድርጅት የምድር ወለሉን ፎቶ ይፈልጋል። ምሰሶው የተነካ ሕንፃ ከሆነ ካሳ አይከፍልም።»

«ርካሹስ?»

«እሱ አሁን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቤቱ ሲወድቅ ነው» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ስልኳን ይዛ ምድር ወለል ወዳለው የጋሊፕ ኬክ ቤት ወረደች። ጋሊፕ በጋውን ቤቱን አሳድሶ መስታወት በመስታወት አድርጎታል።

«እትዬ ሙዘየን! ፀሐይ ዛሬ በየት ወጣች? ሻይ አምጡላት!»

«ፎቶ ላነሣ ነው የመጣሁት።»

«እኔን ከሆነ ጸጉሬን ላበጥር» ብሎ ራሰ በራውን ዳበሰ።

ተስተናጋጆቹ ሳቁ። ሙዘየን ግን ቆማ፣ ከላይ ያለው ኩሽናዋ የሚያርፍበትን ቦታ እየፈለገች ነበር። እላይ እሷ ቤት፣ ከማቀዝቀዣዋ አጠገብ፣ ወፍራም ምሰሶ አለ። እዚህ ታች ልክ ከኩሽናዋ መስኮት ሥር የሚውለው መስኮት አለ። ማቀዝቀዣዋን የምታስጠጋበት ግድግዳም ቀጥ ብሎ ወርዷል። ምሰሶው መውረድ በነበረበት ቦታ ላይ ግን ሁለት ልጃገረዶች ተቀምጠው ካዳይፍ የሚባለውን ጣፋጭ ይበላሉ።

የነቢሄ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ፤ ያኔ ከመንቀጥቀጡ በፊት በስልክ፣ በደስታ የነገረቻት። «ከቤታችን ሥር ያለው የሙሽራ ልብስ ቤት ሰፋ እኮ! መሐሉን ከፍተውት እንዴት ብርሃን እንደሆነ ብታዪው!»

«ጋሊፕ፣ እዚህ ጋ የነበረው ምሰሶ የት ሄደ?»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። ጠጋ አላት። «መሐንዲስ አይቶታል። ጌጥ ነው እንጂ ምንም አይሸከምም ብሎኛል።»

«የቱ መሐንዲስ?»

«የሚስቴ ወንድም።»

«እሱ ቧንቧ ሠራተኛ አይደል እንዴ?»

«ቧንቧም ያው ሕንፃ ውስጥ ነው የሚገባው» አለ ጋሊፕ፤ አሁን ግን የሳቀለት የለም።

ደረጃው ላይ ጎረቤቷ ሹኩፌ ጠበቀቻት። ወሬው ቀድሟት ወጥቷል።

«ሙዘየን፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ማዘጋጃ ቤት እንዳትናገሪ። ያሽጉብናል! ልጄን የምድረው ይሄን ቤት ሸጬ እኮ ነው። ማን ይገዛልኛል?»

«ምሰሶው የለም፣ ሹኩፌ።»

«እስከ ዛሬ ያለሱ ቆመን የለ? ርካሹን ፈርሚና ተኚ። ስንቱ ተኝቶ ያድራል።»

«ነቢሄም ተኝታ ነበር።»

ሹኩፌ አፏን ያዘች። ሙዘየን አልፋት ገባች። ኩሽናዋ ውስጥ ምሰሶውን ተደግፋ ቆመች፤ ወዲያው ግን ከሥሩ ምንም እንደሌለ ትዝ ሲላት፣ እሳት እንደነካው ሰው እጇን አሸሸች። ሁለቱንም ወረቀቶች ሳትፈርም አጠፈቻቸው። ማዘጋጃ ቤት ደወለች፤ ስም ሲጠይቋት ሙሉ ስሟን ሰጠች። ባለሙያ ነገ ይመጣል፣ እስከዚያ ሕንፃው ውስጥ ሰው ባይኖር ይመረጣል አሏት።

ከዚያ በየበሩ እያንኳኳች «የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ውጡ» አለች። አንዱ ሰደባት። አንዱ ለልጆቹ ጫማ ያደርግላቸው ጀመር። ሹኩፌ በሩን ፊቷ ላይ ደረገመችው።

ሙዘየን ከበሩ አልተነሣችም። ከውስጥ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ በመሐልም ለቅሶ ይሰማታል። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ፤ ሹኩፌ ዓይኗ ቀልቶ፣ አንድ ጥቅል ልብስ ትከሻዋ ላይ ጭናለች።

«ለመሆኑ የት ልናድር ነው፣ አንቺ ቤት አፍራሽ?»

«አላውቅም» አለች ሙዘየን። «ብርድ ልብስ ደርቢ።»