የጎረቤት ፊደል

«መጨረሻ ላይማ አእምሮውን ስቶ ነበር አሉ» አለች ጎረቤቲቱ ስኒዋን እያስቀመጠች። ሹክ ማለቷ ነው፤ የሷ ሹክሹክታ ግን ከሌላው ሰው ጩኸት አያንስም።

የሟች እህት አንገቷን ደፋች። ወሬው የወጣው ከእሷው አፍ ነው። የሰፈሩን ማስታወቂያ ሁሉ የጻፈው ወንድሟ፣ ቀኝ እጁ ሽባ ሆኖ አንደበቱም ከተያዘ በኋላ፣ በግራ አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ የማይገባ ነገር እየጻፈ ይልክላት ነበር። ለሥራ ባልደረቦቿ እያሳየች ሳቀችበት። ከዚያ «ለይቶለታል» ብላ ለዘመድ ተናገረች፤ ዘመድም አምኗት ማስታወቂያ የሚጽፍበትን ሱቅ ቁልፍ ከኪሱ ወሰደበት።

«ለመሆኑ ምን ብሎ ነበር የጻፈው?» አሉ አክስትየው።

ሚስቱ ስልኩን አውጥታ አነበበች። «ኘድ። አሁንም ኘድ። ሌላ የለም እኮ።»

አንዱ ሳቁን በሳል አፈነ። እህትየዋ ግን፣ ልጅ ሳለች እያንሾካሾከች ታነበው የነበረውን ቃል በሰው አፍ ስትሰማ ክው አለች።

ወንድሟ ነጎድጓድ ይፈራ ነበር። አባታቸው ደግሞ የሚፈራ ወንድ ልጅ ማየት አይወዱም። ስለዚህ መላ ዘየደ፦ በፊደል ገበታው ላይ እያንዳንዱ ፊደል ከሥሩ ላለው ጎረቤቱ ቦታውን ይለቃል፤ ግዕዙ ለግዕዝ፣ ሳድሱ ለሳድስ። «ነ» በ«ኘ» ይተካል፣ «ይ» በ«ድ»። ሰማዩ ሲያጉረመርም በጠመኔ ይጽፍና ሰሌዳውን በበሩ ሥር ይሰድላታል። ሄዳ አጠገቡ ትተኛለች። ካደገም በኋላ ሰውን ፈለግሁ ማለት ለሱ ሞቱ ነበር።

«ነይ ነው» አለች እህትየዋ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«የሚለው ነይ ነው። የልጅነት ፊደላችን ነው። አእምሮው ደህና ነበር። የረሳሁት እኔ ነኝ፤ ረስቼ ደግሞ አሳቅሁበት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«በሩን ሲያይ ነበር የሚውለው» አለች ሚስቱ፣ ቀና ብላ ሳታያት።

እህትየዋ ተነስታ መኝታ ክፍሉ ገባች። ማስታወቂያ የሚነድፍበት ጠመኔ መስኮቱ ላይ ነበር። አነሳችና ከራስጌው ግድግዳ ላይ «ሠጫሉ» ብላ ጻፈች፤ መጣሁ ማለቷ ነው። ከዚያ ለሱ ቦታ ትታ፣ ባዶው አልጋ ጠርዝ ላይ ጋደም አለች።