የአቶ ዘርጋው አሥራ አንድ ሰዓቶች

1.

«ይቺ በባትሪ አትሠራም» አለ አቶ ዘርጋው።

ማንም አልጠየቀውም።

2.

ይህ የሆነው ለቅሶ ቤት ነው። አቶ ዘርጋው እጅጌውን ሰብስቦ፣ አጠገቡ ለተቀመጠው የሟች ወንድም፣ በእጅ ሰዓቷ ውስጥ ስንት ጥቃቅን ጥርስ እንደሚዞር እየዘረዘረ ነበር። ሰውየው ዓይኑን ጠረገ። አቶ ዘርጋው መስታወቷን ጠረገ።

ስለ እሱ ሌላ ምንም ባልጽፍ ይህ ይበቃው ነበር። ግን ጉድ አለበት፤ እቀጥላለሁ።

3.

የአቶ ዘርጋው ንብረት (እሱ «ስብስብ» ይለዋል)፦

— አንዲት ስዊዝ ሠራሽ፣ በቀን ስድስት ደቂቃ ወደ ኋላ የምትቀር። «ባሕርይዋ ነው።»

— አንዲት ሩሲያ ሠራሽ፣ የምትቀድም። «ብርቱ ናት።»

— አንዲት ሦስት መቶ ሜትር ባሕር ውስጥ የምትጠልቅ። አቶ ዘርጋው ዋና አይችልም። ገላውን ሲታጠብም ያወልቃታል።

— ሰባት በቀይ ከፋይ የተጠቀለሉ፣ ጭራሽ የማይሠሩ። «አርፈው ነው።»

— አንዲት ወርቅ ቅብ፣ ጀርባዋ መስታወት የሆነ። የዛሬዋ።

4.

ዛሬ ምንድን ነው?

ዛሬ እሑድ ነው። አቶ ዘርጋው ከዘጠኝ ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገው የሟች ወንድሙ ልጅ ምንተስኖት፣ አራት ዓመት የወደዳትን ማኅደርን ሊያገባ ሽማግሌ ልኳል። ሽማግሌዎቹ ባለፈው ሄደው «መክረን እንነግራችኋለን» ተብለው ተመልሰዋል፤ ወጉ ነው። የዛሬው ግን የቁርጥ ቀን ነው። ማኅደር አባቷ እምቢ ካለ ከቃሉ እንደማትወጣ ለምንተስኖት ነግራዋለች።

አባቷ አቶ በላቸው ሠላሳ ዓመት የአውቶቡስ ስምሪት ኃላፊ ነበር። ቀጠሮው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ተናጋሪ ሽማግሌው አቶ ዘርጋው ነው። ማውራት ይችላል፤ ይህንን አንነፍገውም።

5.

ሰዓት በሰኮንድ ልክ እንዴት ይስተካከላል? (እናንተም ሞክሩት።)

ሀ. ሬዲዮ ክፈቱ።

ለ. መሙያዋን፣ ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ እንቡጥ፣ በጥፍር ወደ ውጭ ሳቡ። የሰኮንድ ቆጣሪዋ ቀጥ ብላ ትቆማለች።

ሐ. ቆጣሪዎቹን ልክ ሁለት ሰዓት ላይ አድርጋችሁ ጠብቁ።

መ. ሬዲዮው ሁለት ሰዓት ሲል መሙያዋን መልሳችሁ ግፉ።

ሌላው ሕዝብ ስልኩን አይቶ ከቤቱ ይወጣል። ለባለ ስብስብ ግን ይህ ውርደት ነው።

6.

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ስልክ ተደወለ።

ምንተስኖት፦ ጋሼ፣ ተነሥተሃል?

አቶ ዘርጋው፦ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነቅቻለሁ።

ምንተስኖት፦ ሦስት ሰዓት ነው ያሉት። ሰውየውን ደግሞ ታውቀዋለህ።

አቶ ዘርጋው፦ አንተ ልጅ፣ ስለ ሰዓት ለኔ ነው የምትነግረኝ?

ምንተስኖት፦ አይ፣ ፈርቼ ነው።

አቶ ዘርጋው፦ ምን ያስፈራሃል፣ እኔ እያለሁ? ይልቅ ቡኒውን ማሰሪያ ላድርግ ወይስ ጥቁሩን?

ምንተስኖት፦ ጋሼ…

አቶ ዘርጋው፦ ጥቁሩን። ልክ ነህ።

(ከጀርባ፣ ከሬዲዮው፦ ጢጥ። ጢጥ። ጢጥ።)

7.

«መ» አልተፈጸመም።

8.

ስልኩን ቤት ትቶት ወጣ። ሰዓት ያሰረ ሰው ስልክ ምን ያደርግለታል?

በመንገድ ላይ አራት ጊዜ አያት። አንዴ ከሸሚዙ ጋር መሄዷን ለማረጋገጥ። አንዴ ለሰፈሩ ጥበቃ ለማሳየት። አንዴ ነዳጅ ማደያ፣ «ታምራለች» ላለው ሰው ጀርባዋን ገልብጦ ሲያስረዳ፤ ማስረዳቱ ብቻውን ሩብ ሰዓት ፈጀ። አንዴ ፀሐይ ላይ፣ እንዴት እንደምታበራ።

አራት ጊዜም ታምር ነበር።

ለአምስተኛ ጊዜ ካፌ ቁጭ ብሎ አያት። ሁለት ሰዓት። «ገና ነው» አለና ማኪያቶ አዘዘ። ቀጥሎ ሌላ ማኪያቶ። ፍርፍር ቢጠይቅ አስተናጋጇ «የቁርስ አልቋል፣ ምሳ እየተሠራ ነው» አለችው። የዘመኑን አስተናጋጅ ስንፍና እየታዘበ ተነሣ።

ቀደም ብሎ መድረስ ጨዋነት ነው ብሎ።

9.

ማስታወሻ፣ ወጉን ለማያውቅ፦ ሽማግሌ የሄደበትን ጉዳይ ሳይናገር አይቀመጥም። ወንበር ይቀርባል፤ «ጉዳይ አለን» ብሎ ይቆማል። ጉዳዩን የሚናገረው ደግሞ ተናጋሪው ነው።

ተናጋሪው ካልመጣስ?

10.

አቶ በላቸው ራሱ በሩን ከፈተ።

«እንደምን አደሩ» አለ አቶ ዘርጋው ፈገግ ብሎ። «ቀደም አልኩ መሰለኝ።»

አቶ በላቸው ከበሩ ገለል አለ። ወደ ሳሎን አስገባው።

ሌላው ሽማግሌ መምሬ ጥላዬ ቆመዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በመቋሚያቸው ላይ ተንጠልጥለዋል። ሦስተኛው ሽማግሌ አቶ ሁንዴ በክንዳቸው ደግፏቸዋል። ከኋላቸው ሦስት ወንበር ባዶ። ማኅደር ጓዳው በር ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለችው በባትሪ የምትሠራ ርካሽ ሰዓት አራት ሰዓት ከአሥር ትላለች።

አቶ ዘርጋው ክንዱን አየ። ሁለት ሰዓት። መሙያዋ ወደ ውጭ ወጥታለች።

ያን ጊዜ ገባው። ምንተስኖት ትዝ አለው፣ በዘጠኝ ዓመቱ እጁን ይዞ የመጣው። እዚህ ላይ ላላግጥበት ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም።

11.

አቶ በላቸው፦ መምሬን ተቀመጡ ብዬ ለመንኩ። «ተናጋሪያችን ሳይመጣ አንቀመጥም» አሉኝ። ሰባ ደቂቃ በቤቴ ቆሙ። አቶ ዘርጋው፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ልጄም ልጅዎን ትወደዋለች። መኪና ተበላሽቶ፣ ሰው ታሞብዎ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ያጋጥማል። መምሬ ቆመው ይሰሙዎታል።

12.

አንባቢ፣ ይህን መልስ እኔ አልጽፍለትም። ዕድሜውን ሙሉ ያልተጠየቀውን ሲመልስ ኖሯል።

አሁን ተጠይቋል።

አቶ በላቸው፦ ምን ገጠመዎት?

አቶ ዘርጋው፦