በኦስሎ ያልበላኋቸው አራት ራቶች

ኑሃሚን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ ቤታችን ስትመጣ፣ የመጣችበትን ጉዳይ ባውቅ ኖሮ ጫኖ ያለውን የሙዝ ማሳውን ሊያይ ሄዷል አስብል ነበር።

ልጅቷ የጎረቤታችን የወርቄ ልጅ ናት። የቤተ ክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ለሁለት ሳምንት ሥልጠና ኦስሎ ልትሄድ ነው፤ እዚህ አርባ ምንጭ፣ በሰፈራችን በሲቀላ ደግሞ ኦስሎን የረገጠ የምታውቀው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

«ጋሽ ዳልጮ፣ ወጣ ብዬ ልብላ ብል የት የት ልሂድ? ጥሩ ጥሩውን ይንገሩኝና ልጻፍ» አለች።

ሠላሳ አምስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ቦታ ሲጠየቅ አፉ አያርፍም። ወደብ ዳር ያለውን የአሳ ቤት፣ በየትኛው ትራም ተሂዶ የት እንደሚወረድ ነገርኳት። በግ ከጥቅል ጎመን ጋር የሚቀቅሉበትን፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበትን ምድር ቤት ነገርኳት። ኮረብታው ላይ ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ ከቡናማ አይብ ጋር የሚያቀርበውን ካፌ፣ በመጨረሻም የአገራችን ሰው የከፈተውን የሐበሻ ምግብ ቤት። የመስኮቶቹን ቁጥር ሳይቀር ነገርኳት። ልጅቷም ጻፈች።

«አሳው እንዴት ነው? የጫሞ ሐይቁን ያህላል?»

የትራሙን ቁጥር ደገምኩላት።

«በጉስ?»

ባለቤቴ አገርነሽ ከጓዳ ብቅ አለች። «እሱን አትጠይቂው» አለቻት። «አራቱም ቤት ገብቷል፤ ከአራቱም ሳይቀምስ ነው የወጣው።»

ኑሃሚን ቀልድ መስሏት ሳቀች። አገርነሽ ግን አልሳቀችም። «ኢሳያስን ደውለህ ጠይቅላታ» አለችኝ። «የወሰደህ እሱ፣ የከተማው ሰው እሱ።» በእንግዳ ፊት እምቢ እንደማልል ታውቃለች። እኔን ማጥመድ አርባ ዓመት የለመደችው ሥራ ነው።

ኢሳያስ ታናሽ ወንድሜ ነው። ኦስሎ ከገባ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ አውቶቡስ ይነዳል። እኔና እሱ የተጣላነው በአባታችን ሞት ነው። አባታችን እዚሁ አርባ ምንጭ ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን ተኛ። ኢሳያስ በቀን አምስት ጊዜ እየደወለ «አዲስ አበባ ውሰደው» ይለኝ ነበር። ሐኪሞቹ መንገዱን አይችልም ብለውኛል፤ እሱ ግን አልሰማ አለኝ። እኔም በታናሼ መታዘዝ ከበደኝና ስልኬን ዘጋሁት። አባታችን ሞተ። በሦስተኛው ቀን በአጎታችን ስልክ ደወለ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርገውለት ነበር። «አባቴን የቀበርከው በግትርነትህ ነው» አለኝ።

ይህን ሁሉም ያውቃል። የማያውቁት ሌላ ነገር አለ። አባታችን በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነቃ አለና «ኢሳያስን አገናኘኝ» አለኝ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከከፈትኩት ያ ጭቅጭቅ ሊጀምረኝ ነው ብዬ «አመሻሽ ላይ እንደውላለን፣ አባ» አልኩት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፈ። ይህን ለአገርነሽም ነግሬያት አላውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ድንኳን ውስጥ የተናገረኝን ቃል አንጠልጥዬ የተበዳይ ፊት ይዤ ከረምኩ።

በአባታችን ቤት አንድ ሕግ ነበር። የተጣላ ሰው ነገሩን አውርቶ ሳይጨርስ ከተጣላው ጋር አይበላም። በተወለድንበት በጨንቻ ልጆች ሳለን፣ በአንድ ሸንኮራ ተደባድበን ቆጮው ከፊታችን ተነስቶ ያውቃል። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ኦስሎ ስጋበዝ ይህንኑ ሕግ ይዤ ሄድኩ። ኢሳያስ ይቅርታ ካልጠየቀኝ ከእሱ ጋር አልበላም ብዬ ወሰንኩ።

በመጀመሪያው ምሽት፣ መምጣቴን ሰምቶ ኖሮ፣ ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጸጉሩ ሸብቷል። ጉንጬን ሳመኝና «ራት እንብላ ጋሼ» አለኝ። አሳ ቤት ወሰደኝ። ሮዝ መልክ ያለው ትልቅ ቁራጭ አሳ ከድንች ጋር መጣ። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ መርከቦቹን ስቆጥር አመሸሁ። በማግስቱ ምድር ቤቱ፣ በሦስተኛው ቀን ኮረብታው ካፌ። ምግቡ እየቀረበ ይቀዘቅዛል፤ እኔ መስኮት አያለሁ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ሙዝ ዋጋ፣ ስለ አውቶቡስ እናወራለን። ኢሳያስ የጠላሁት ምግቡን መስሎት ቤት የሚቀያይር መሰለኝ፤ በልቤም ጅል አልኩት። ማረፊያዬ ስመለስ ከቤት የያዝኩትን ቆሎ እቆረጥማለሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ።

በአራተኛው ምሽት በሐበሻው ቤት አንድ ትሪ እንጀራ መካከላችን አስቀመጡ። ኢሳያስ ዓይኔን አየኝና «ጋሼ፣ የምትነግረኝ ነገር የለም?» አለኝ።

«ምን ነገር?» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። በማግስቱ ወደ አገሬ ተሳፈርኩ። ከዚያ ወዲህ የበዓል መልእክት ብቻ ነው የምንላላከው።

እንግዲህ እሑድ እኩለ ቀን ላይ፣ ልጅቷና አገርነሽ ቤት ውስጥ እየጠበቁኝ፣ ጓሮ ማንጎው ሥር ቆሜ ደወልኩ። ቶሎ አነሳው።

«ሰላም ነው? የሞተ አለ?»

«ሰላም ነው። የጎረቤት ልጅ እዚያ ልትመጣ ነው። የት ልብላ ብላ ጠየቀችኝ። የወሰድከኝ ቤቶች ምግባቸው እንዴት ነው?»

«እኔ በምን አውቃለሁ ጋሼ» አለ። «እኔም እኮ አልበላሁም።»

«እንዴት አልበላህም?»

«አንተ ሳትነካ እንዴት እነካለሁ? የአባባ ሕግ አይደል። ሳህኔን እንደ ሞላ ነበር የሚያነሱት፤ አላየህም?»

አላየሁም። አራት ምሽት ፊት ለፊቱ ተቀምጬ የወንድሜን ሳህን አንድ ጊዜም አላየሁም።

«ታዲያ ለምን አትናገርም ነበር?» አልኩት፤ ድምፄ ቁጣ ቁጣ አለው።

«ታላቅ ይጀምራል አይደል ሕጉ የሚለው? አባባ ሁልጊዜ ‹ዳልጮ፣ ጀምር› ነበር የሚልህ። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ስላልኩት እግርህ ላይ ልወድቅ ተዘጋጅቼ ነበር። አንተ አንድ ቃል እስክትል ጠበቅሁ። አንዱ ቤት ባይሆንልህ ሌላው ቤት ይሆንልሃል እያልኩ።»

እውነቱን ነው። ታላቅ ይጀምራል። የሕጉን ግማሽ ብቻ ይዤ ነበር ኦስሎ የሄድኩት፤ ያም የሚመቸኝን ግማሽ።

ስለዚህ ጀመርኩ። «አባታችን በመጨረሻው ቀን አንተን አገናኘኝ ብሎኝ ነበር። አላገናኘሁትም። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

ከወዲያ ማዶ የሰው ድምፅ፣ የበር መዘጋት ተሰማኝ።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለ።

«ጠዋት ሦስት ሰዓት።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስድስት ሰዓት ነው» አለ በዝግታ። «ያን ቀን ሥራ አልገባሁም ነበር። ስልኩን በእጄ ይዤ ነው የዋልኩት።»

«ይቅር በለኝ ኢሳያስ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

እንዲሰድበኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

«ስለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ። «ግን ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ገበታ ላይ ብንሆን አልበላም ነበር። ያን ጊዜ እዚህ ሳለህ ብትነግረኝ አልቅሼ፣ ተቆጥቼ፣ እዚያው ይወጣልኝ ነበር። አሁን እንጃ።»

«እጠብቅሃለሁ» አልኩት። «ብቻ ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው።»

«አውቃለሁ» አለና ስልኩን ዘጋው።