ለአማት የተመረጠው መሰርሰሪያ

ማርያምን እላችኋለሁ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። የማያምን ካለ አትላንታ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ ይሂድና ከሐረገወይን ምግብ ቤት ጀርባ ያለውን አስፋልት ይመልከት፤ ክብ ክብ እየሆነ የተፋቀው ቦታ እስከ ዛሬ አለ። መኪና ነው የፋቀው የሚሉ አሉ። መኪና አይደለም። ሽፈራው ነው።

ሽፈራው ዳውንታውን አንድ ትልቅ ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ፣ ሰላሳ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ደህና ልጅ ነው። ዲቪ ደርሶት ከመጣ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከዓሣ ጋር የነበረው ትውውቅ ሐረገወይን ቤት ተጠብሶ ሲቀርብለት ብቻ ነው። ከበረዶ ጋር ደግሞ በብርጭቆ ውስጥ ተያይተዋል።

ይሄ ሰው ፋናዬን ወደደ። ፋናዬ እዚያው አትላንታ ዳር ዲኬተር አንድ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ አንዴ ከተናገረች ደግሞ የማትደግም ሴት ናት። እሷም ወደደችው። ጣጣው አባቷ ናቸው። አቶ ብርሃነመስቀል ሚኒሶታ ሃያ አምስት ዓመት የኖሩ ጡረተኛ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር የቀዘቀዘ ሐይቅ ላይ ይወጡና፣ በረዶውን በሞተር በስተው፣ በቀዳዳው ክር ለቀው ዓሣ ሲጠብቁ ይውላሉ። እዚያ አገር ሐይቅ የሚጠጥረው መኪና እስኪሸከም ድረስ ነው። ሽማግሌው ሰውን የሚመዝኑትም በዚህ ነው። ከሽፈራው በፊት ፋናዬን የፈለገ አንድ ኢንጂነር ነበር፤ «ለአንድ ዓሣ ይሄን ያህል ከሚበርድዎ ለምን ከሱቅ አይገዙም?» ብሏቸው ስልኩ በዚያው ተዘጋ፤ እስካሁንም አልተከፈተም።

ሽፈራው ይሄን ሰምቷል። ስለዚህ ኦገስት መጨረሻ ላይ ፋናዬ ስልኩን ስታቀብለው ተዘጋጅቶ ነበር። ሽማግሌው ስለ ሥራው አልጠየቁትም፣ ስለ አገሩም አልጠየቁትም። ዓሣ ታጠምዳለህ ወይ ብቻ ነው ያሉት።

«ጋሼ፣ እኔ በረዶ ላይ ካልሆነ ማጥመድም አይመስለኝ» አለ ሽፈራው። «ባለፈው ሳምንት እንኳን ስምንት ይዤ ነው የተመለስኩት።»

ኦገስት መሆኑን ልብ በሉልኝ። በዚያ ሳምንት አትላንታ ውስጥ የመኪና በር በእጅ አይከፈትም ነበር፣ ያቃጥላል። ፋናዬ ግንባሯን ያዘች። ከዚያ ሽማግሌው ረጋ ብለው ተናገሩ። የሳቸው መሰርሰሪያ ተሰብሯል። ኦክቶበር ላይ ለእህታቸው የልጅ ልጅ ክርስትና በመኪና ይመጣሉ። እሱ መቼም አዋቂ ስለሆነ፣ ባለ ሞተር የሆነ አንድ ጥሩ የበረዶ መሰርሰሪያ መርጦ ይጠብቃቸው።

«እሱን አይቼ» አሉ፣ «ስለ ሌላው ጉዳይ እንነጋገራለን።»

ሌላው ጉዳይ ፋናዬ ናት።

አትላንታ ውስጥ የበረዶ መሰርሰሪያ መፈለግ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሽፈራው የገባበት የመጀመሪያው ሱቅ ሠራተኛው ለአጥር ጉድጓድ የሚቆፍረውን አሳየው። ለአጥር አይደለም፣ ለሐይቅ ነው አለው። ሠራተኛው ሐይቅ ዙሪያ ነው የምታጥረው አለው። ሁለተኛው ሱቅ ሥራ አስኪያጅ ጠሩለት። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴትዮ እጁን ይዛ ደህና ነህ ወይ ብላ ጠየቀችው።

በመጨረሻ ነገሩን ለውባየሁ አማከረ። ውባየሁ ታክሲ ነጂ ነው። ሁሉን ነገር ያውቃል፤ የማያውቀውን ደግሞ ከሚያውቀው አብልጦ ያስረዳል። በዚያው ሳምንት የፓርኪንጉ ልጆችና የታክሲ ነጂዎቹ በሙሉ የበረዶ ዓሣ ሊቃውንት ሆኑ። ቢለዋው ስምንት ኢንች ይሁን አሥር ኢንች ተብሎ ሁለት ሰው ተኮራረፈ። ባትሪ በብርድ ይሞታል የሚል ወገን ተነሳ። ቤንዚን ደግሞ በብርድ አይነሳም የሚል ሌላ ወገን ተነሳ። ከነዚህ ሁሉ አንድም ሰው የቀዘቀዘ ሐይቅ አላየም። ሽማግሌውን የምታውቀው ፋናዬ ብቻ ናት፤ እሷን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከብዙ ንትርክ በኋላ ሁለት መሰርሰሪያ ቀረበ። አንዱ ሽፈራው በኦንላይን ያዘዘው ባለ ባትሪ ነው፤ አዲስ፣ ቀላል፣ ሕፃን እንደሚታቀፍ በአንድ ክንድ የሚያዝ። ሌላው ባለ ቤንዚን ነው። ከሰሜን ወርዶ እዚህ የሰፈረ አንድ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ አስቀምጦት ለማንም ሊሰጠው የተዘጋጀ፣ ከእግር እስከ ራሱ ብረት የሆነ አሮጌ ዕቃ።

ውባየሁ ሁለቱንም በእጁ አነሳ አነሳ አደረጋቸው። እኛ ሰዎች ዕቃ የምንመርጠው እንደዚህ ነው መቼም፤ ካውያም ይሁን ድስት ወይም ቧንቧ፣ ከፍ አድርገን እንመዝነዋለን፤ ከከበደ ኦሪጅናል ነው።

ባለ ባትሪውን ቶሎ አስቀመጠው። «ይሄ መጫወቻ ነው» አለ። «ለአማት የሚሰጥ ነገር ሲያነሱት ወገብ ካልያዘ ንቀት ነው።»

ሽፈራው ግን ሳይሞክር ላለመወሰን ምሎ ነበር። ችግሩ በረዶ የለም። ይሄኔ ሐረገወይን ደረሰችላቸው። ምግብ ቤቷ ውስጥ ሰው ቆሞ የሚገባበት የሥጋ ፍሪዘር አላት፤ ፋናዬን ደግሞ እንደ ልጇ ነው የምትወዳት። አንድ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል ውሃ ሞልተው ፍሪዘሩ ውስጥ አስገቡ። ከበረደ በኋላ እንዴት እናወጣዋለን ብሎ ያሰበው ውባየሁ ነው፤ ቢራ የሚገፋበት ባለ አራት ጎማ ጣውላ ላይ አስቀመጠው። ሁሉም ለብልሃቱ አጨበጨቡለት። ሐረገወይን ስድስት ቀን ሙሉ የጥብስ ሥጋዋን በበርሜሉ ላይ እየተንጠራራች ስታወጣ ከረመች።

በሰባተኛው ቀን በርሜሉ ከጀርባ በር ተገፍቶ ወጣ። ፀሐዩ ሸሚዝ ያስወልቃል፣ በረዶው ጢሱ ይነሳል። ከጎን ካለው ጎማ ቤት የሜክሲኮ ልጆች ሥራ አቁመው መጡ። መጀመሪያ ባለ ባትሪው ተሞከረ። ሽፈራው ቁልፉን ተጫነ፣ እዝዝዝ አለ፣ በረዶውን እንደ ቅቤ ላጠው፣ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ክርን ድረስ ገብቶ ወጣ። ሽፈራው ደስ ብሎት ዞር ሲል ውባየሁ ፊቱን አጨማዶ አገኘው። ድምፅ የለውም አለ። ድምፅ የሌለው ነገር መሥራቱ በምን ይታወቃል?

ቀጥሎ ብረቱ መጣ። ገመዱ አሥራ አንድ ጊዜ ተጎተተ፤ በአሥራ ሁለተኛው ተነሳ። ሲነሳ የጎረቤት መኪኖች አላርም በሙሉ አብሮ ተነሳ። ሽፈራው ሁለቱን እጀታ ጨብጦ ቢለዋውን በረዶው ላይ አሳረፈ። ቢለዋው ነከሰ። ነክሶ አልለቅም አለ። መሰርሰሪያ ደግሞ ጠባዩ እንደዚህ ነው፤ ስለቱ መዞር ካቃተው የያዘውን ሰው ያዞራል።

በርሜሉ ጎማ አለው። በርሜሉ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ሽፈራው ወደ ግራ ዞረ። ቤንዚን የሚሰጠው እጀታው ላይ ያለው መጨበጫ ነው። ሽፈራው በፈራ ቁጥር ይጨብጣል፣ በጨበጠ ቁጥር ቤንዚን ይጨምራል፣ በጨመረ ቁጥር ይፈራል። አንዴ ዞረ፣ አምስቴ ዞረ፣ ከዚያ እግሩ ከመሬት ተነሳና መቁጠር ተውን። እየተሽከረከሩ የሐረገወይንን ቆሻሻ ገንዳ አለፉ፣ ሁለት የቆመ መኪና መሐል ሳይነኩ ገብተው ወጡ፣ ጎማ ቤቱን አንድ ጊዜ ዙረው ተመለሱ። ነዳጁ አልቆ ሲቆም የሜክሲኮ ልጆች ኮፍያቸውን አውልቀው ነበር። ሽፈራው ቀና ብሎ የመብራት ምሰሶ ጨበጠና፣ ጤና ይስጥልኝ አለው።

«አየህልኝ ጉልበቱን?» አለ ውባየሁ።

ሽፈራው ያን ማታ ቀላሉ እንደሚሻል ልቡ ያውቅ ነበር። ግን ሰው ሁሉ አይቷል፣ ቪዲዮው ከአትላንታ አልፎ ዲሲ ደርሷል፣ ሁሉም «ያ ነው መሰርሰሪያ» ብሏል። ደግሞም አማት ፊት ፕላስቲክ ይዞ መቅረብ ከበደው። ባለ ባትሪውን መለሰው። ብረቱን ወለወለ፣ ስለቱን አሳለ፣ ቀይ ቀለም ቀባው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሪባን አሰረበት።

ክርስትናው ዲኬተር በፋናዬ አክስት ቤት ነበር። ሽፈራው ፋናዬን የሚጠይቁለትን ሦስት ሽማግሌዎች ለዚያው ቀን አዘጋጅቷል። ሁለቱ ከቤተ ክርስቲያን የተለመኑ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ውባየሁ ነው፤ ሽበት ባይኖረውም ኮት አለው። እንደ ወጉ ጉዳይ አለን ብለው ሳይቀመጡ ቆሙ። አቶ ብርሃነመስቀልም መጀመሪያ ዕቃውን ልየው አሉና ሁሉንም ወደ ጓሮ ይዘው ወጡ።

ሽፈራው አማቱን በአካል ሲያይ የመጀመሪያው ነው። በድምፃቸው ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቀው። የመጡት ግን ቀጠን ያሉ፣ አጭር፣ ካፖርታቸው ከራሳቸው የሚከብድ ሰውዬ ናቸው። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ መሰርሰሪያው ከሳቸው በአንድ ጭንቅላት በለጠ።

ሽማግሌው ቁጢጥ ብለው ስለቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ቀለሙን አሸተቱ። ለምን ይሄን እንደመረጠ ጠየቁት። ሽፈራውም የተዘጋጀበትን መለሰ፣ ከባድ ነው፣ ብረት ነው፣ ኦሪጅናል ነው። ስንት ፓውንድ እንደሚመዝን ጠየቁት። አርባ ስምንት አለ፣ ኮራ ብሎ።

ሽማግሌው ተነሱና በሁለት እጃቸው ያዙት። እስከ ጉልበታቸው ድረስ አነሱት። እዚያ ላይ ቆመ። ወገባቸው ሲንቋቋ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሰምቻለሁ ብለዋል። ፊታቸው ከቀለሙ ጋር አንድ ዓይነት ሆነ።

ሽፈራው ሳያስብ ዘሎ ከእጃቸው ተቀበለ። አፉም ሳያስብ ሠራ። ማናችንም ትልቅ ሰው ዕቃ ሲያነሳ ስናይ የምንለውን አለ።

«ይተዉት ጋሼ፣ እኔ እያለሁማ እርስዎ አይሸከሙም።»

ይሄ ነገር ለአፍ ነው የሚባለው፣ ታውቁታላችሁ። ሰውየው ኧረ ተወው ይላል፣ አንተ ትንሽ ትታገላለህ፣ እሱም ይመርቅሃል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። አቶ ብርሃነመስቀል ግን ኧረ ተወው አላሉም። እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉና ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች ዞሩ።

«ሰምታችኋል?»

ሽማግሌዎቹ ሰምተናል አሉ። ውባየሁ ሁለት ጊዜ አለ።

«ከመኪናዬ እስከምቀመጥበት ድረስ በበረዶው ላይ ግማሽ ማይል ነው» አሉ ሽማግሌው። «የገና ማግስት እጠብቅሃለሁ። ወፍራም ጓንት ያዝ።»

ሽፈራው መሰርሰሪያውን እንደታቀፈ ደነዘዘ። ከዚያ እውነቱ ሳይጠራ መጣ። «ጋሼ፣ እኔ በረዶ ላይ ቆሜ አላውቅም። ዓሣም ይዤ አላውቅም።»

«እሱን አውቄዋለሁ። የጠየቅኩህ ሸክም ነው።»

ውባየሁ እዚህ ላይ የሽማግሌነት ሥራው ትዝ አለውና፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ለስንት ክረምት እንደሆነ ጠየቀ። እኔ እስካለሁ ድረስ አሉ ሽማግሌው። ውባየሁ አንድ ክረምት እረፍት እንዲጨመርበት ሞከረ፤ አልተሳካም።

ሽፈራው ቀና ሲል ፋናዬ የጓሮው በር ላይ ቆማለች። አትስቅም፣ አትቆጣም፣ ትጠብቃለች። ሽሽት ቢፈልግ በሩ ክፍት ነበር፤ ወገቤን ያመኛል ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። መሰርሰሪያውን ወደ ትከሻው ከፍ አደረገና እሺ አለ።

«እንግዲህ እኔ ተሸካሚዬን አግኝቻለሁ» አሉ አባትየው። «ልጅቷን ራሷን ጠይቋት።»

«ገና አሁን ጠየቃችሁኝ» አለች ፋናዬ። «መሰርሰሪያውን ስትመርጡ ብትጠይቁኝ አባዬ ወገቡን እንደሚያመው እነግራችሁ ነበር። ቀላሉን ትገዙ ነበር።» ከዚያ ሽፈራውን አየችው፤ ሸክሙን እስካሁን አላወረደም። «እሺ ብያለሁ» አለች። እንዳልኳችሁ፣ አልደገመችውም።

ሽፈራው ቃሉን ጠበቀ። ገና ባለፈ ማግስት ሚኒሶታ ሐይቅ ላይ፣ አራት ካልሲ ደርቦ፣ ያን ብረት ተሸክሞ ግማሽ ማይል ሄደ። ሽማግሌው እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ቅንድቡ ላይ የተንጠለጠለው በረዶ እርስ በርሱ እየተጋጨ ስለሚንቋቋ፣ ሽማግሌው ዞር ሳይሉ መቅረቱንና መድረሱን በድምፅ ያውቁ ነበር። ቦታው ሲደርሱ አሥራ አንድ ጊዜ ገመድ ጎተተ፤ በአሥራ ሁለተኛው ተነሳ። እዚያ በርሜል የለም፣ ጎማም የለም፣ ያለው ሐይቅ ነው፤ ሐይቅ ደግሞ አይዞርም። ስለዚህ ሽፈራው ብቻውን ዞረ። አቶ ብርሃነመስቀል ወንበራቸው ላይ ሆነው ኮፍያቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም ትላለች ፋናዬ።

ስቀው ሲጨርሱ መንጠቆ ሰጡትና፣ «ና ልጄ፣ አጠገቤ ተቀመጥ» አሉት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ» አላሉትም። «አንተ» ነው ያሉት። ግን ከቴርሞሳቸው ሻይ ቀድተው ራሳቸው በሚጠጡበት ክዳን ሰጥተውታል።