ምርቃት እምቢ ያለው ብረት

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ አጠገብ ጉቴ ውስጥ በቀጥቃጩ በኢዶሳ ማረሻ ያላረሰ ገበሬ አልነበረም። ኢዶሳ ብረት ከእሳት ባወጣ ቁጥር መዶሻ ከማንሳቱ በፊት «ቱፍ!» ብሎ ምራቁን እንትፍ ይልበታል፤ ሽማግሌ ልጅ እንደሚመርቀው። ብረቱ ቸስ ካለ ምርቃቱን ተቀብሏል ማለት ነው።

ነገሩ የተበላሸው ታናሽ ወንድሙ ፉፋ ሲሞት ነው። ፉፋ የኢዶሳን ወናፍ መንፋቱን ትቶ ነቀምቴ፣ የፋብሪካ ማረሻ ከሚሸጥ ነጋዴ ዘንድ ስለተቀጠረ ኢዶሳ «ከዳኝ» ብሎ አኮረፈው። ፉፋ ታሞ እዚያው ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ሲተኛ «ወንድሜ መጥቶ ቱፍ ይበልብኝ» ብሎ ላከበት። አልሄደም። ኩርፊያ መቼም ከብረት ይጠነክራል! ሳይመርቀው ቀበረው።

የፉፋ ሚስት ድርቤ መሄጃ ስላልነበራት ኢዶሳ ቤት ተጠግታ ገባች፤ ወናፉንም ያዘች። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ዝም አለ። ምራቁ ቸስ በማለት ፈንታ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ተንከባሎ ይወርዳል።

«ፉፋ ነው፤ ምርቃቴን እየመለሰብኝ ነው» ይላል ኢዶሳ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። እኛም ፈራን፤ በደጁ ማለፍ ተውን።

አንድ ረፋድ ግን ማረሻዬ ተሰብሮ ግድ ሆነብኝና ሄድኩ። ኢዶሳ ግሎ የነጣ ብረት በጉጠት አውጥቶ መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አኖረ።

«ፉፋ፣ ዺፈማ! ይቅር በለኝ። ዛሬም ካልተቀበልከኝ ይህን ሥራ እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ» ብሎ እንትፍ አለ።

ድምፅ የለም። ምራቁ ተንከባሎ ወረደ። ወደ በሩ አፈገፈግኩ። ኢዶሳ መስፉ ላይ አጎንብሶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እሱ እያለቀሰ ሳለ ብረቱ ቅላቱን ለቆ ጠቆረ። በመጨረሻ አንድ እንባ ጠብ አለበት።

ቸስ!

«ይቅር አለኝ! ፉፋ ይቅር አለኝ!»

«ፉፋ አይደለም፣ ኦቦ ኢዶሳ» አለች ድርቤ። «ብረት ከልኩ በላይ ሲግል ውሃውን የገዛ እንፋሎቱ አዝሎ ያንሸራትተዋል። በረድ ሲል ነው ቸስ የሚለው። ፉፋ ለስለስ አድርጎ ነበር የሚነፋው። እኔ ግን ወናፉን ስይዝ ያ ልኮብህ የቀረህበት ቀን ይመጣብኛል፤ እሳቱን ከልክ በላይ አነድደዋለሁ።»

ኢዶሳ እንባውን ጠረገ። «እንግዲያ ፉፋ አልተቀየመኝም?»

«ሙት ምን ይላል? ይቅር ያላልኩህ እኔ ነኝ» አለችና፣ ብረቱን ወደ ፍሙ መልሳ መንፋት ጀመረች።