ጋሽ እሳት አንገት ላይ የቀረው ቁልፍ

ዳቦ ቤቱ የሠራተኞቹ የጋራ ነበር፤ ምድጃው ፈንድቶ ግማሽ ጣሪያውን ይዞ እስኪሄድ ድረስ ማንም የማንም አለቃ አልነበረም። የዚያን ቀን ግን ሁሉም ይጮኻል፣ የሚሰማ የለም። ሊጥ አቡኪዋ ናት ብድግ ብላ፣ "ኧረ ጎበዝ! አዲስ ምድጃ እስኪገባ አንድ ሰው ይዘዘን። ጋሽ እሳት ይሁን!" ያለችው። ጋሽ እሳት የሚሉት ጋጋሪውን ነው። ተጨበጨበ፣ የመጋዘኑም ቁልፍ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ።

ሐሜት ምን ያደርጋል፣ ሰውየው ሥራውን አሳመረው። አዲሱ ምድጃ ገባ፣ ዳቦውም እንደ ድሮው ወጣ። ቁልፉ ግን ካንገቱ አልወረደም።

የሊጥ አቡኪዋ ባል የታሪክ አስተማሪ ነው። "በጥንት ሮም፣" አላት እራት ላይ፣ "ጦር ሲመጣ ላንድ ሰው ሙሉ ሥልጣን ይሰጡት ነበር፤ በሕግ፣ ቀን ተቆርጦለት። አምባገነን ማለት ያኔ እሱ ነው። ጦሩ ሲመለስ ሥልጣኑን አስረክቦ እርሻው ይገባል። አላስረክብም ያለው ነው ግፈኛው። ሳይቃጠል በቅጠል በሉ።"

"ኤዲያ! ዳቦ ቤት እኮ ነው" አለችው።

እያደር ጋሽ እሳት ፈረቃውን እንዳሻው ይቀያይር፣ ያጉረመረመውን ያባርር ጀመር። የሊጥ አቡኪዋ ታናሽ እህት፣ ዳቦ ሻጯ፣ በሰው ፊት፣ "ስብሰባ ይጠራ!" አለች።

"አንቺ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ!" አላት ጋሽ እሳት።

እህቷ ዞር ብላ አየቻት። ሊጥ አቡኪዋ አንገቷን ደፍታ ታሻለች፤ ሊጡ ደግሞ ከታሸ ቆይቷል። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው እህት አልነበረውም መሰለኝ።

እህትየው ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄደች። ስልክ ቢደውሉላት አታነሳም። ሊጥ አቡኪዋ ጸጸቱ እህል ውኃ ቢነሳት፣ አንድ ጠዋት እጇን ሳትታጠብ ምድጃው ድረስ ሄደች።

"ጋሼ፣ ቁልፉን መልስልን።"

ሌሎቹም ሥራቸውን ትተው መጥተው ከኋላዋ ቆሙ። ጋሽ እሳት አንድ ባንድ አያቸውና የቁልፉን ክር ካንገቱ አወጣው።

"ምነው እስከ ዛሬ? ምድጃው የገባ ለት ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር። ያኔ የእናንተ መሆኑን አልረሳሁም ነበር" አላት። ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረና፣ "እህትሽንም ጥሪያት፣ ትመለስ" አለ።

በሊጥ እጇ እዚያው ቆማ ደወለች። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ።